ቼዝ ይፈታ ይሆን? ከጣና ዳር ዳማ እስከ ጥንታዊው ሰንጠረዥ

በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ካሉት የዋርካ ጥላዎች ሥር ወይም ከአንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ሁለት ወጣቶች በካርቶን ላይ በተሰመረ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ሲገፉ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ገልብጦ ይደረድራል፤ ጨዋታው ዳማ ነው። ዙሪያውን የሚቆሙት ተመልካቾችም ዝም አይሉም። አንዱ ሲሸነፍ «እንዲያ ባትሄድ ኖሮ ታሸንፍ ነበር» የሚል አይጠፋም። ይህ ተራ የሚመስል አነጋገር ከባድ የሒሳብ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። በእርግጥ የሚያሸንፍ መንገድ ነበረን? ነበረ ከተባለስ፣ የሚያሸንፍ መሆኑ የሚታወቀው በምንድን ነው? ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ ተቃዋሚው ምንም ቢያደርግ የማይሸነፍ ተጫዋች ሊኖር ይችላልን?

ጥያቄው ወደ ቼዝ ሲሸጋገር እጅግ ይከብዳል። ቼዝ ሊፈታ ይችላል ወይስ አይችልም? «ፍጹም ጨዋታ» ሲባልስ ምን ማለት ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ወደ ራሳችን ጥንታዊ የቼዝ ጨዋታ፣ ወደ ሰንጠረዥ፣ እንመለሳለን። ሰንጠረዥን ከታሪክ ቅርስነቱ ባሻገር የምናነሣው፣ «መፍታት» የሚለው ቃል በምን በምን ላይ እንደሚመሠረት ከማንኛውም ጨዋታ ይልቅ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው።

«የተፈታ ጨዋታ» ሲባል

ከቀላሉ እንጀምር። በአንድ የገበጣ ጉድጓድ ውስጥ 15 ጠጠሮች አሉ እንበል። ሁለት ተጫዋቾች በየተራቸው 1፣ 2 ወይም 3 ጠጠር ያነሣሉ፤ የመጨረሻውን ጠጠር ያነሣ ያሸንፋል። ጀማሪው ማሸነፍ ይችላልን?

መልሱን ለማግኘት ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው መነሣት ይሻላል። ተራው ደርሶ ጉድጓዱን ባዶ ያገኘ ተሸንፏል። 1፣ 2 ወይም 3 ጠጠር ያገኘ ሁሉንም አንሥቶ ያሸንፋል። 4 ያገኘ ግን ምንም ቢያደርግ ለተቃዋሚው 3፣ 2 ወይም 1 ይተውለታል፤ ስለዚህ ይሸነፋል። 5፣ 6 ወይም 7 ያገኘ ለተቃዋሚው 4 መተው ስለሚችል ያሸንፋል። በዚሁ አኳኋን ስንቀጥል 8 እና 12 የሽንፈት ቁጥሮች ሆነው እናገኛቸዋለን። እንግዲህ 15 ጠጠር ያገኘው ጀማሪ 3 አንሥቶ 12 ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ተቃዋሚው 1 ሲያነሣ 3፣ 2 ሲያነሣ 2፣ 3 ሲያነሣ 1 እያነሣ እስከ ድል ይዘልቃል።

ይህ ጨዋታ ተፈትቷል ማለት ነው። ከ0 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ የጠጠር ብዛት «ያሸንፋል» ወይም «ይሸነፋል» የሚል አንድ ቃል የተጻፈበት ዝርዝር በእጃችን አለ። ዝርዝሩን የያዘ ሰው ማሰብ አያስፈልገውም፤ ማንበብ ይበቃዋል።

ሊቃውንት ይህን ሐሳብ በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ የጨዋታው ውጤት ብቻ ይታወቃል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ይረጋገጣል እንጂ እንዴት እንደሚያሸንፍ አይነገርም። በሁለተኛው ከመነሻው አቀማመጥ ጀምሮ እስከ ውጤቱ የሚያደርሰው መንገድ ይታወቃል። በሦስተኛውና በጠንካራው ደረጃ ግን ለማንኛውም ሊደረስበት ለሚችል አቀማመጥ መልሱ በዝርዝር ተጽፏል። ከላይ ያለው የጠጠር ጨዋታ ሦስተኛውን ደረጃ ያሟላል።

የዜርሜሎ ማረጋገጫ

እ.ኤ.አ. በ1913 ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርንስት ዜርሜሎ ስለ ቼዝ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ቁም ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በቼዝ ከሦስት ነገሮች አንዱ የግድ እውነት ነው። ወይ ነጭ ጥቁሩ ምንም ቢያደርግ ማሸነፍ ይችላል፤ ወይ ጥቁር ነጩ ምንም ቢያደርግ ማሸነፍ ይችላል፤ ወይም ሁለቱም ቢያንስ እኩል ለመውጣት የሚያስችል ዋስትና አላቸው። አራተኛ አማራጭ የለም።

ምክንያቱ ከጠጠሩ ጨዋታ የተለየ አይደለም። ከማለቂያዎቹ ተነሥተን ወደ ኋላ ብንቆጥር በእያንዳንዱ አቀማመጥ ላይ «ድል»፣ «ሽንፈት» ወይም «እኩል» ብለን መጻፍ እንችላለን፤ ወደ ኋላ ስንሄድም በመጨረሻ መነሻው ላይ መድረሳችን አይቀርም። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የሚሠራው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ጨዋታው ማለቂያ ሊኖረው ይገባል። ተጫዋቾች በየተራ መንቀሳቀስ አለባቸው። እንደ ዳይስ ያለ ዕድል መግባት የለበትም። እንደ ካርታም ከአንዱ ተጫዋች የተሰወረ ነገር መኖር የለበትም። ውድ አንባብያን እነዚህን አራት ነጥቦች፣ በተለይም «በየተራ» የሚለውን፣ እንዲያስታውሱ እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

እንግዲህ «ለቼዝ ትክክለኛ መልስ አለው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የማያሻማ መልስ ከተሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አለው። ያልታወቀው መልሱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ነው። ለምን እስከ ዛሬ አልታወቀም? መልሱ በብዛት ላይ ነው።

በጣና ስንለካው

ቁጥሮች እጅግ ሲበዙ ለአእምሮ ትርጉም ያጣሉ። ስለዚህ በቅርባችን ባለው ሐይቅ እንለካቸው። የጣና ሐይቅ የውኃ መጠን በግምት 28 ኪሎ ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 20,000 ያህል ጠብታ አለ ብንል፣ ጣና 5.6 × 10¹⁷ ያህል ጠብታ ይይዛል፤ ይህም 560 ሚሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ማለት ነው።

በመጀመሪያ የገበጣን ዘመዶች እንመልከት። በምዕራብ አፍሪካ በ12 ጉድጓዶችና በ48 ጠጠሮች የሚጫወቱት፣ አዋሪ ወይም ኦዋሬ የሚባል ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም የሚሠሩት ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል 144 ፕሮሰሰሮችን በአንድነት አሠርተው በ51 ሰዓት ውስጥ ይህን ጨዋታ በጠንካራው ደረጃ ፈትተውታል። የተመረመሩት አቀማመጦች ብዛት 889,063,398,406 ነው፤ ውጤቱም እኩል ሆኗል። ይህ ቁጥር በጠብታ ሲለካ ወርዱና ርዝመቱ 150 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ ይሞላል። ከሐይቁ ዳር ያለ አንድ ረግረግ እንደማለት ነው።

ቀጥሎ ዳማ ይመጣል። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩትን ሥራ በ2007 ፈጽመው፣ በ8 በ8 ገበታ ላይ በ12 በ12 ጠጠር የሚጫወቱት የእንግሊዝ ዳማ ሁለቱም ወገኖች ካልተሳሳቱ እኩል የሚወጣ መሆኑን አረጋገጡ። የአቀማመጦቹ ብዛት ወደ 5 × 10²⁰ ይደርሳል። በጠብታ ሲለካ ወደ 900 የሚጠጉ ጣናዎችን ይሞላል። ሼፈር ግን ሁሉንም ጠብታ መቁጠር አላስፈለጋቸውም፤ ጨዋታውን በሁለተኛው ደረጃ ለመፍታት 10¹⁴ ያህል አቀማመጥ መመርመር በቅቷል። አንዱ ወገን ጥሩ እርምጃ ካለው የተቀሩት መጥፎ አማራጮቹ መመርመር የለባቸውምና። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ሼፈር በፈቱት ዳማ የነገሠ ጠጠር የሚሄደው አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ንጉሡ በሰያፍ መስመር እንዳሻው ርቆ በሚሄድበት ሕግ የሚጫወት ሰው፣ የሚጫወተው ሌላ ጨዋታ ስለሆነ፣ ይህ ማረጋገጫ ስለ እርሱ ጨዋታ የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ቼዝ እንለፍ። አሜሪካዊው ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጽሑፍ ሊደረጉ የሚችሉ የቼዝ ጨዋታዎች ብዛት ወደ 10¹²⁰ እንደሚደርስ ገምተው ነበር። አንድ መኪና በማይክሮሰከንድ አንዱን ቢመረምር የመጀመሪያዋን እርምጃ ለመወሰን ከ10⁹⁰ ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ብዙ የተለያዩ ጨዋታዎች ወደ አንድ አቀማመጥ ስለሚደርሱ፣ መቁጠር ያለብን ጨዋታዎችን ሳይሆን አቀማመጦችን ነው። በጆን ትሮምፕ ግምት መሠረት በሕግ ሊደረስባቸው የሚችሉ የቼዝ አቀማመጦች 4.8 × 10⁴⁴ ያህል ናቸው።

ይህን በጠብታ መለካት አይቻልም፤ ወደ ሞለኪውል መውረድ ያስፈልጋል። በጣና ውስጥ ያሉት የውኃ ሞለኪውሎች ብዛት 9.4 × 10³⁸ ያህል ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአቮጋድሮ ቁጥር ሊያሰላው ይችላል። ቼዝ ከዚህ ወደ 500,000 ጊዜ ይበልጣል። በእያንዳንዱ ሞለኪውል ላይ አንድ የቼዝ አቀማመጥ መጻፍ ቢቻል እንኳ ግማሽ ሚሊዮን ጣናዎች ያስፈልጉናል ማለት ነው።

የፊዚክስ ወሰን

«ኮምፒዩተሮች በየጊዜው እየፈጠኑ ነውና አንድ ቀን ይደርሳሉ» የሚል ሰው ይኖራል። ስለዚህ ጉዳይ ፊዚክስም የሚለው አለው። ሮልፍ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ አንድ ቢት መረጃ በተሰረዘ ቁጥር ቢያንስ የተወሰነ መጠን ያለው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በክፍል ሙቀት ይህ መጠን 2.9 × 10⁻²¹ ጁል ያህል ነው። ለእያንዳንዱ የቼዝ አቀማመጥ አንዲት ቢት ብቻ ብትሰረዝ በጠቅላላው 1.4 × 10²⁴ ጁል ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ማመንጫ ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የተባለውን ኃይል ለማምረት ከ95 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ይፈጅበታል። ይህም የተፈጥሮ ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ወጪ ነው፤ በእጃችን ያሉት ኮምፒዩተሮች የሚያባክኑት ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ግን መላዋ ምድር ከፀሐይ የሚደርሳት ብርሃን ያንኑ ያህል ኃይል በሦስት ወር ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ቼዝን መፍታት የተፈጥሮ ሕግ የከለከለው ነገር ነው ማለት አይቻልም።

ሼፈር እንዳደረጉት በሁለተኛው ደረጃ ለመፍታት ቢሞከርስ? በዳማ ላይ የታየው ቁጠባ በቼዝም በዚያው መጠን ይሠራል ብለን በድፍረት ብንገምት፣ መመርመር ያለባቸው አቀማመጦች ወደ 10³⁰ ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው በሰከንድ አንድ ቢሊዮን አቀማመጥ የሚመረምሩ አንድ ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች በአንድነት ቢሠሩ 30 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ይወስድባቸዋል። ስሌቱ ግምት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከግቡ ምን ያህል እንደምንርቅ ያሳያል። ቼዝን ሊያቀርብ የሚችል ነገር ካለ፣ የኮምፒዩተር ፍጥነት ሳይሆን ዛሬ የማናውቀው አዲስ የሒሳብ ሐሳብ መሆን አለበት።

ፍጹም ተጫዋች ምን ይመስላል?

ከቼዝ ውስጥ ግን የተፈታ ክፍል አለ። በገበታው ላይ ሁለቱን ነገሥታት ጨምሮ ሰባት ወይም ከዚያ ያነሱ ጠጠሮች ሲቀሩ መልሱ ሙሉ በሙሉ ይታወቃል። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሎሞኖሶቭ በተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራው ስብስብ የመጀመሪያው ሲሆን፣ በ2018 የተጠናቀቀው ሲዚጂ የተባለው ስብስብ ደግሞ ከ423 ትሪሊዮን በላይ አቀማመጦችን ይዟል።

ከእነዚህ ስብስቦች የተገኘ አንድ ውጤት የብዙዎችን ግምት አናግቷል። በሰባት ጠጠር ብቻ፣ አንዱ ወገን በ549 እርምጃ ማሸነፍ የሚችልበት፣ ከዚያ ባነሰ ግን የማይችልበት አቀማመጥ አለ። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ፈረሱና ንጉሡ ሲመላለሱ የሚያይ ሊቅ ተጫዋች እንኳ ድል እየቀረበ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ፍጹም ጨዋታ የግድ የሚያምር፣ ወይም ምክንያቱ ለሰው የሚገባ ጨዋታ አይደለም። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ደግሞ ያለ መማረክና ያለ ወታደር እንቅስቃሴ 50 እርምጃ ካለፈ ተጫዋቹ እኩል ይባልልኝ ብሎ መጠየቅ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ድል ሊጨናገፍ ይችላል። አንዲት የሕግ አንቀጽ «ድል» የሚለውን መልስ ወደ «እኩል» ትለውጠዋለች።

ፍጹም ተጫዋች ሲባል እንግዲህ ምን ማለት ነው? አቀማመጡ የሰጠውን ዋጋ ፈጽሞ የማይጥል ተጫዋች ማለት ነው። ድል በእጁ ካለ ድሉን አያስመልጥም፤ እኩል በእጁ ካለ አይሸነፍም። ከዚህ በላይ ግን ምንም ቃል አይገባም። ቼዝ ከመነሻው እኩል ከሆነ፣ ለፍጹም ተጫዋች ወደ እኩል የሚያደርሱ እርምጃዎች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ተቃዋሚውን የሚያስጨንቀውን ከሚያሳርፈው አይለይም። ስለዚህ ደካማ ተቃዋሚን በማሸነፍ ረገድ ጎበዝ የሆነ ሰው ከፍጹሙ ተጫዋች የበለጠ ብዙ ድል ሊያስመዘግብ ይችላል። ፍጹምነት የዋስትና ጉዳይ እንጂ የብልኀት ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸንፏል። በ2017 ደግሞ አልፋዜሮ ሕጉን ብቻ ተነግሮት ከራሱ ጋር በመጫወት ከዘመኑ ብርቱ ፕሮግራሞች አንዱን በልጧል። እነዚህ ብርቱዎች ናቸው፤ ቼዝን ግን አልፈቱም። ሁሉን ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሸንፈኝ አይችልም ብሎ ማረጋገጥ ሌላ። በዳማ የሼፈር ፕሮግራም የሰውና የመኪና የዓለም ሻምፒዮና ማዕረግን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ማረጋገጫው የተገኘው ግን ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ብርቱዎቹ የቼዝ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ስለሚወጡ፣ ብዙ ባለሙያዎች ቼዝም እኩል ነው ብለው ያምናሉ። እምነቱ መሠረት አለው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

የራሳችን ቼዝ፦ ሰንጠረዥ

ዜርሜሎ ጽሑፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው በ1913፣ እንግሊዛዊው ኤች. ጄ. አር. መሪ የቼዝን ታሪክ የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ቼዝም ተጽፏል። ጨዋታው በእኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ይባላል፤ ስሙ ከዐረብኛው ሸጥረንጅ፣ እርሱም ከሕንዱ ቻቱራንጋ የመጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጡት ሄንሪ ሶልት ስለ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድነት ጽፈዋል። ከራስ ዓሊ ጋር የተዋዋሉትና እ.ኤ.አ. በ1860 በጎንደር አቅራቢያ የተገደሉት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም የጨዋታውን ሥርዓት መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ያለውን ማስረጃ አሰባስበው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተዋል።

ገበታው 8 በ8 ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ የሚሰመር ሲሆን ካሬዎቹ በቀለም አይለያዩም። ንጉሥ፣ ፈረስና ደር የሚባለው ግንብ በዛሬው ቼዝ እንደምናውቃቸው ይሄዳሉ። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ ይራመዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ካሬ ይዘላል። መደቅ የሚባለው ወታደር አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሁለት ነገሮች ግን ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ ይለዩታል።

አንደኛው ወረራ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ እየሄዱ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። በየተራ መጫወት የሚጀመረው ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ነው። ዜርሜሎ ከጠየቋቸው አራት ነጥቦች አንዱ፣ «በየተራ» የሚለው፣ እዚህ ይፈርሳል። በወረራ ጊዜ የእጅ ፍጥነትና የዐይን ንቃት የጨዋታው ክፍል ናቸው። «በወረራ ላይ የማይሸነፈው እርምጃ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ «በእጅ ወርውሮ መገመት ጨዋታ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ምልክት የቱ ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ አንድ እርምጃ ላይሆን ይችላልና። በአንድ ጊዜ ለሚደረጉ ጨዋታዎች ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ሌላ መንገድ ከፍተዋል፤ በዚያ መንገድ ፍጹም ተጫዋች የሚባለው እርምጃውን በተመጠነ ዕድል እያደባለቀ የሚመርጠው ነው። እንግዲህ ሰንጠረዥ ለሁለት ይከፈላል። ከመጀመሪያው ምርኮ በኋላ ያለው የዜርሜሎ ዓለም ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን አይደለም።

ሁለተኛው የድሉ ዓይነት ነው። በሰንጠረዥ ድል ሁሉ እኩል አይከበርም ነበር። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በፈርዝ፣ በፊል ወይም በመደቅ የያዘ ግን ይመሰገናል። ይህ ዜርሜሎን አያፈርስም፤ «ድል፣ እኩል፣ ሽንፈት» በሚሉት ሦስት ቃላት ፈንታ ከክቡሩ ድል እስከ ሽንፈት የሚወርድ ረጅም መሰላል መጻፍ ብቻ ይጠይቃል። መልሱ ግን ይለወጣል። በቼዝ ፍጹም የሆነች እርምጃ፣ ማለትም በደር በሦስት እርምጃ የምታሸንፈው፣ በሰንጠረዥ ክቡሩን ድል የምታስመልጥ ስሕተት ልትሆን ትችላለች። ፍጹምነት ከሕጉ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቾቹ ከሚያከብሩት ነገርም ይወሰናል።

ከስሌት በፊት ሕግ

በሰንጠረዥ ላይ ማንኛውም ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር እናቅርብ። ፊል ሁለት ሁለት ካሬ በሰያፍ ስለሚዘል ከ64ቱ ካሬዎች ሊደርስባቸው የሚችለው 8 ብቻ ናቸው። በመነሻው ላይ ያሉት አራት ፊሎች ደግሞ የየራሳቸው ስምንት ካሬ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን መሬት ፈጽሞ አይረግጥም። ስለዚህ ፊል ፊልን በምንም ዓይነት ሊማርክ አይችልም።

የጨዋታውን መጨረሻ ማስላትም ከአቅም በላይ አይደለም። በገበታው ላይ ዓይነታቸው የተወሰነ አራት ጠጠሮች ብቻ ሲቀሩ አቀማመጦቹ ቢበዛ 64 × 64 × 64 × 64 ጊዜ 2፣ ማለትም 33,554,432 ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ባይት ቢመደብ 34 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል፤ በእጅ ስልክ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ዓመት የደረሰ የኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም የፊዚክስ ተማሪ ከመጨረሻው ወደ ኋላ የመቁጠሩን ሥራ በአንድ የክረምት ዕረፍት ሊፈጽመው ይችላል።

ችግሩ ከዚያ በፊት ይመጣል። ኮምፒዩተር ያልተጻፈ ሕግ አያሰላም። መደቅ ከገበታው ጫፍ ሲደርስ ወደ ምን ይለወጣል? ሁሉን ያጣ፣ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ይያዛል ወይስ ጨዋታው በዚያ ያበቃል? ከድሎች ሁሉ የሚከበረው የትኛው ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ያሉን መልሶች በአብዛኛው ከውጭ አገር ተጓዦች ብዕር የወጡ ናቸው፤ ሰንጠረዥን ከአባቶቻቸው ተምረው የሚጫወቱ ሰዎችም ዛሬ በዐይናችን አይታዩም። ቃሉ ራሱ ትርጉሙን ለውጧል፤ ለአሁኑ ተማሪ ሰንጠረዥ ማለት ቁጥር የሚሞላበት የመስመርና የዓምድ ዝርዝር ነው። የሚገርመው ግን አንድ ጨዋታ ተፈታ ሲባል የሚገኘው ነገር እንዲሁ ያለ ዝርዝር መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ አቀማመጥ መልሱ የተጻፈበት ሰንጠረዥ!

ገበጣ ግን ገና በሕይወት አለ። በሁለት መደብም ሆነ በሦስት መደብ፣ በእንጨት ገበታም ሆነ በመሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከአካባቢ አካባቢ በሚለያይ ሕግ ሲጫወቱት ይታያል። ሮማይንና ባል የፈቱት የምዕራብ አፍሪካውን ዓይነት እንጂ የእኛን አይደለም፤ በዳማው እንዳየነው የሕግ ልዩነት የጨዋታ ልዩነት ነው። ስለዚህ በዚህ ክረምት ወደየትውልድ ቀያችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች አያቶቻችሁንና የአካባቢ ሽማግሌዎችን እንድትጠይቁ እናሳስባለን። ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ ከየት ተጀምሮ ወዴት እንደሚዘራ፣ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ ተራ እንደሚያልፍ፣ ጨዋታውም መቼ እንዳበቃ እንደሚቆጠር አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። ሕጉ ሁለት ሰዎች ሳይከራከሩ ሊጫወቱበት እስኪችሉ ድረስ ከተጻፈ፣ ኮምፒዩተርም ሊጫወትበት ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የስሌት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከኩሬው እንጂ ከጣናው መጀመር አያስፈልግም።